የስንዴ ግሉተን ዱቄት

የስንዴ ግሉተን ዱቄት ወይም ቫይታል ግሉተን ከስንዴ ዱቄት ውስጥ ስታርቹ በውኃ ታጥቦ ሲወጣ የሚቀረው ፕሮቲን ደርቆና ተፈጭቶ የሚገኝ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዱቄት ነው። ውኃ ሲነካው ወዲያው ወደሚለጠጥና ላስቲክ ወደሚመስል ነገር ይለወጣል። ዳቦ በሚጋገርበት ጊዜ ደካማ ዱቄትን ለማጠንከር፣ ከፉርሽካው ያልተለየ የስንዴ ዱቄትን ለማገዝ፣ ወይም ስንዴ ከጤፍ፣ ከማሽላና ከበቆሎ ጋር ሲደባለቅ የጎደለውን ለመተካት በትንሽ መጠን ይጨመራል።

ግሉተን እርሾ አይደለም፤ ብቻውን ዳቦን ኩፍ አያደርግም። ሥራው እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ከሊጡ እንዳያመልጥ መያዝ ነው። በዚህም ምክንያት እርሾው የሞተበትን ወይም በቂ የመቡኪያ ጊዜ ያላገኘን ሊጥ ግሉተን ሊያድነው አይችልም። በሌላ በኩል ሴሊያክ የተባለው በሽታ ላለባቸው ሰዎች ጎጂ በመሆኑ፣ ይህ ዱቄት የገባበት ዳቦ ለማን እንደሚቀርብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስያሜ

«ግሉተን» የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሙጫ ነው። «ቫይታል» ደግሞ ሕያው ማለት ነው። ቃሉ የሚያመለክተው ፕሮቲኑ ሲደርቅ የመለጠጥ ጠባዩን እንዳላጣ ነው። በከፍተኛ ሙቀት የደረቀ ግሉተን የፕሮቲን መጠኑ ባይቀንስም ውኃ ሲገባበት አይለጠጥም፤ ለዳቦም አይረዳም።

የግሉተን ዱቄት «ጠንካራ ዱቄት» ወይም «ባለ ከፍተኛ ግሉተን ዱቄት» እየተባለ ከሚሸጠው ጋር መምታታት የለበትም። ጠንካራ ዱቄት ተራ የስንዴ ዱቄት ሆኖ የፕሮቲን መጠኑ ከ12 እስከ 14 በመቶ የሚደርስ ነው። የግሉተን ዱቄት ግን አብዛኛው ክፍሉ ፕሮቲን ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በቁጥር 163-1987 ሰነዱ፣ ቫይታል ግሉተን እርጥበቱ ሳይቆጠር ቢያንስ 80 በመቶ ፕሮቲን እንዲኖረው ይጠይቃል። ፕሮቲን የሚለካው ናይትሮጅንን በመለካትና በአንድ ቁጥር በማባዛት ነው። ኮዴክስ የሚያባዛው በ6.25 ነው፤ ለስንዴ በተለምዶ የሚያገለግለው ግን 5.7 ነው። በአንደኛው ስሌት 80 በመቶ የሆነው በሌላው 73 በመቶ ይሆናል። አንዳንድ ማሸጊያዎች 75 በመቶ ያህል የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በሊጥ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ግሉተን በደረቅ ዱቄት ውስጥ ተሠርቶ አይቀመጥም። በስንዴ ፍሬ ውስጥ የሚገኙት ግሊያዲንና ግሉተኒን የተባሉ ሁለት የፕሮቲን ቤተሰቦች ናቸው። ዱቄቱ በውኃ ሲቦካና ሲታሽ ሁለቱ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ግሉተን የሚባለው ይህ መረብ ነው።

የሁለቱ ሥራ የተለያየ ነው። ግሉተኒን ረጃጅም ሰንሰለቶች ያሉት ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹ በሰልፈር ትስስር እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ሊጥ ሲሳብ ተመልሶ የሚሰበሰበው በእርሱ ምክንያት ነው። ግሊያዲን በአንጻሩ ክብ መሰልና ትንሽ ነው፤ በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ ሊጡ ሳይበጠስ እንዲሳብ ያደርጋል። ግሉተኒን ብቻ ቢኖር ሊጡ እንደ ጎማ ይደርቅ ነበር፤ ግሊያዲን ብቻ ቢኖር ደግሞ እንደ ወፍራም ሽሮፕ ይፈስ ነበር። ጥሩ የዳቦ ሊጥ የሁለቱ ሚዛን ነው።

እርሾ በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር ሲበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ በግሉተኑ መረብ ውስጥ በትናንሽ አረፋዎች ይታሰራል፤ አረፋዎቹ ሲያድጉ መረቡ አብሮ ይለጠጣል፤ ሊጡም ኩፍ ይላል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ጋዙና እንፋሎቱ በሙቀት ይበልጥ ይሰፋሉ። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃረብ ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ ማበጥ ይጀምራል፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ደግሞ ግሉተኑ ይጠነክራል። የዳቦው ውስጥ ቅርጹን ይዞ የሚቀረው በዚህ ጊዜ ነው። መረቡ ደካማ ከሆነ አረፋዎቹ ቀድመው ይፈነዳሉ፤ ዳቦውም ዝቅ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለና ከባድ ይሆናል።

የዱቄቶች ልዩነት

የግሉተን ዱቄት መጨመር ያስፈልግ እንደሆነ የሚወሰነው በዱቄቱ ዓይነት ነው።

ፉርኖ ዱቄት፦ ፉርሽካው ተነፍቶ የወጣለት ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። የፕሮቲን መጠኑ እንደ ስንዴው ዝርያና እንደ አመራረቱ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 በመቶ ይሆናል። ለኬክና ለብስኩት ዝቅተኛው፣ ለዳቦ ከፍተኛው ይመረጣል።

ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፦ በወፍጮ ቤት ተፈጭቶ ሳይነፋ የሚቀር ዱቄት የፕሮቲን መጠኑ ከፉርኖ ዱቄት ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ዳቦው ያነሰ ኩፍ ይላል። አንደኛ፣ በፉርሽካውና በፅንሱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግሉተን አይሠራም። ሁለተኛ፣ የፉርሽካው ስለታም ቅንጣቶች የግሉተኑን መረብ ይቆራርጣሉ። ሦስተኛ፣ ፉርሽካው ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ ለግሉተኑ የሚደርሰው ያንሳል። ስለዚህ በማሸጊያ ላይ የተጻፈው የፕሮቲን መጠን ብቻውን የሊጡን ጥንካሬ አይናገርም።

ዱረም ስንዴ፦ ለፓስታና ለማካሮኒ የሚፈለገው ጠንካራ ስንዴ ነው። የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በዚህ ስንዴ ዝርያዎች ብዛት የታወቁ ሲሆኑ፣ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭም እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰብስቧል። የዱረም ስንዴ ፕሮቲን ብዙ ቢሆንም ግሉተኑ ግትር ነው፤ እንደ ዳቦ ስንዴ በቀላሉ አይሳብም። ስለዚህ ዳቦው ጣዕም ቢኖረውም ብዙ ከፍ አይልም።

ገብስና ራይ፦ ገብስ እና ራይ የተባለው የአውሮፓ እህል ከስንዴ ግሉተን ጋር የሚዛመዱ ፕሮቲኖች አሏቸው። ፕሮቲኖቹ ጋዝ የሚይዝ ጠንካራ መረብ አይሠሩም። ሴሊያክ ላለበት ሰው ግን እንደ ስንዴ ሁሉ ይጎዳሉ።

ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ፦ እነዚህ እህሎች ግሉተን የላቸውም። ጤፍ ዓይን ያለው እንጀራ የሚሆነው በሌላ መንገድ ነው። ከቡኮው ጥቂቱ ተቀድቶ በፈላ ውኃ ተበስሎ የሚመለሰው አብሲት፣ የበሰለ ስታርች ስለሆነ ቡኮውን ያወፍረዋል፤ ጋዙንም ለጊዜው ይይዛል። ቡኮው በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ ሲፈስ አረፋዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ዓይን ይሆናሉ። ይህ ዘዴ ለስስ እንጀራ በቂ ሲሆን ወፍራም ዳቦን ግን አይሸከምም።

ግሉተንን አጥቦ ማየት

ግሉተን ምን እንደሆነ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 100 ግራም ፉርኖ ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይቦካል። በደንብ ታሽቶ ለ30 ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። ከዚያ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ በቀስታ እየተጨመቀ ይታጠባል። ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ይህ የሚወጣው ስታርች ነው። ውኃው እየተለወጠ እስኪጠራ ድረስ ሲታጠብ እጅ ላይ የሚቀረው ግራጫማና የሚለጠጥ እብጥ እርጥብ ግሉተን ነው።

ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ግራም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል ውኃ ነው። ሁለት የተለያዩ ዱቄቶችን በዚህ መንገድ አጥቦ ማነጻጸር፣ ማሸጊያ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ዱቄት ለዳቦ ይሆን እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። እብጡ በርክቶ ሳይበጠስ ከተሳበ ዱቄቱ ጠንካራ ነው፤ ከተበታተነ ወይም በወንፊት ካልተያዘ በቀር አልሰበሰብ ካለ ደካማ ነው።

በዚህ መንገድ የተገኘውን እርጥብ ግሉተን ወደ ዱቄት መለወጥ ግን በቤት ውስጥ አስቸጋሪ ነው። በጋለ ምድጃ ቢደርቅ ፕሮቲኑ ይበስላል፤ ጠባዩንም ያጣል። በፋብሪካ የሚደረገው በመሠረቱ ተመሳሳይ እጥበት ቢሆንም፣ እርጥቡ ግሉተን በትንሹ ተቆራርጦ በሞቃት አየር ውስጥ በፍጥነት እንዲያልፍ ይደረጋል። ውኃው ሲተን ቅንጣቱን ስለሚያቀዘቅዘው ፕሮቲኑ ሳይበስል ይደርቃል። ከእጥበቱ የሚወጣው ስታርች ለምግብ፣ ለወረቀትና ለሌሎች ኢንዱስትሪዎች ይውላል።

የሚጨመረው መጠን

መጠኑ የሚለካው ከዱቄቱ ክብደት አንጻር ነው። ለመነሻ የሚከተለው ያገለግላል፦

• ከ12 በመቶ በላይ ፕሮቲን ላለው የዳቦ ዱቄት፦ መጨመር አያስፈልግም።
• ለደካማ ፉርኖ ዱቄት፦ ከ1 እስከ 4 በመቶ።
• ላልተነፋ የስንዴ ዱቄት፦ ከ2 እስከ 5 በመቶ።
• ከዱቄቱ ሲሶ ያህሉ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ገብስ ለሆነበት ዳቦ፦ ከ4 እስከ 6 በመቶ።

የዱቄቱ የፕሮቲን መጠን ከታወቀ በግምት ፋንታ በሒሳብ መሥራት ይቻላል፦

የግሉተን ዱቄት = ጠቅላላ ክብደት × (የሚፈለገው − የዱቄቱ) ÷ (የግሉተን ዱቄቱ − የዱቄቱ)

ለምሳሌ 10 በመቶ ፕሮቲን ያለውን ፉርኖ ዱቄት ወደ 12.5 በመቶ ለማድረስና 500 ግራም ድብልቅ ለማግኘት፣ የግሉተን ዱቄቱ 75 በመቶ ፕሮቲን ካለው፣ 500 × 2.5 ÷ 65 ወደ 19 ግራም ይሆናል። የቀረው 481 ግራም ፉርኖ ዱቄት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የግሉተን ዱቄት 9 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ይህ ሁለት ማንኪያ ገደማ ነው።

ጤፍ ሲደባለቅ ስሌቱ ይለያል፤ የጤፍ ፕሮቲን ግሉተን ስለማይሠራ አይቆጠርም። 350 ግራም ባለ 11 በመቶ ፉርኖ ዱቄት ከ150 ግራም የጤፍ ዱቄት ጋር ቢደባለቅ፣ ከስንዴው የሚገኘው ፕሮቲን 38.5 ግራም ነው። 500 ግራሙ በሙሉ ፉርኖ ዱቄት ቢሆን ኖሮ 55 ግራም ይሆን ነበር። የጎደለው 16.5 ግራም ነው፤ ለ0.75 ሲካፈል 22 ግራም የግሉተን ዱቄት ይሆናል። ይህም ከሁለት ማንኪያ ትንሽ ከፍ ይላል።

አጠቃቀም

የግሉተን ዱቄት መጀመሪያ ከደረቁ ዱቄት ጋር በደንብ መደባለቅ አለበት። ውኃ ውስጥ ወይም በእርጥብ ሊጥ ላይ ቢነሰነስ ወዲያው ይቋጠራል፤ የተቋጠረው በማሸት አይፈታም፤ በዳቦው ውስጥም እንደ ማስቲካ ሆኖ ይገኛል።

ግሉተን ከክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ውኃ ስለሚጠጣ ውኃም መጨመር አለበት። ከላይ ባለው የጤፍ ምሳሌ 22 ግራም ግሉተን ወደ 33 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ውኃ ይፈልጋል። የግሉተን ዱቄት ጨምረው ዳቦው ደረቀብን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ነው። ውኃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ሊጡ እየታየ ይጨመራል።

ቀጥሎ ሊጡ ይታሻል። መድረሱን ለማወቅ ከሊጡ ትንሽ ተቆርሶ በጣቶች በቀስታ ይወጠራል። ሳይቀደድ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከሆነ መረቡ ተሠርቷል። ፉርሽካ ያለበት ሊጥ ግን ያን ያህል አይሳሳም። ጨው መረቡን ያጠብቃል። ዘይትና ቅቤ የዱቄቱን ቅንጣቶች ሸፍነው መረቡ እንዳይያያዝ ስለሚያዘገዩ፣ ብዙ ቅባት የሚገባ ከሆነ ሊጡ ጥቂት ከታሸ በኋላ ቢጨመር ይሻላል።

እንደ ድፎ ዳቦ ያለ ወፍራምና ሰፊ ዳቦ በራሱ ክብደት ስለሚጫን ደካማ ሊጥ ቶሎ ይጎዳዋል፤ መካከሉ ተኝቶ ጥሬ ሊጥ የመሰለ ሆኖ ይቀራል። ባልተነፋ ዱቄት ለሚጋገር ድፎ ዳቦ ጥቂት ግሉተን መጨመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሲበዛ የሚያስከትለው ችግር

ብዙ ግሉተን የተሻለ ዳቦ አይሰጥም። ከመጠን ሲያልፍ ሊጡ ይገትራል፤ ሲዳመጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ዳቦውም ለማኘክ አስቸጋሪ ይሆናል። ሊጡ ሲገትር ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ተሸፍኖ ቢያርፍ ይላላል። ለኬክ፣ ለብስኩትና መፈርፈር ለሚገባው ጋገራ ሁሉ የግሉተን ዱቄት አይጨመርም። ሰፍነግ የመሰለ፣ ጣዕሙ የደበዘዘ ዳቦም መጠኑ እንደበዛ ምልክት ነው።

ያለ ግሉተን ዱቄት ሊጥን ማጠንከር

ብዙ ዳቦ ይህን ዱቄት ሳይፈልግ በጊዜና በአያያዝ ብቻ ይሻሻላል። ፈረንሳዊው የዳቦ ጋገራ መምህር ሬይሞን ካልቬል በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ፣ ዱቄቱንና ውኃውን ብቻ ደባልቆ ጨውና እርሾ ከመግባታቸው በፊት ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ማሳረፍ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ዱቄቱ ውኃ ይጠግባል፤ መረቡም ያለ ብዙ ድካም መያያዝ ይጀምራል። ላልተነፋ ዱቄት ዕረፍቱ ሲረዝም ፉርሽካው ይለሰልሳል።

እርሾ ቀንሶ ሊጡን በቀዝቃዛ ቦታ ማሳደር፣ በመቡኪያው ሰዓት መካከል ሊጡን ጥቂት ጊዜ እየዘረጉ ማጠፍ፣ ዱቄቱን በወንፊት ነፍቶ ሻካራውን ፉርሽካ መቀነስ፣ ወይም የጤፉን ድርሻ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ማድረግም ይረዳል። በቆርቆሮ ቅርጽ ውስጥ የሚጋገር ሊጥ ከጎን ስለሚደገፍ፣ ድጋፍ ከሌለው ድቡልቡል ዳቦ ያነሰ ጥንካሬ ይበቃዋል።

ታሪክ

በቻይና ሊጥን አጥቦ ግሉተኑን እንደ ሥጋ ማብሰል ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ልማድ ነው። የቻይንኛ ስሙ የዱቄት ጅማት እንደ ማለት ሲሆን፣ ሥጋ በማይበሉ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ የተለመደ ምግብ ነው።

በአውሮፓ ግሉተንን ለይቶ በጽሑፍ የገለጸው ጣሊያናዊው ያኮፖ ባርቶሎሜዎ ቤካሪ ነው። በቦሎኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1728 ያቀረበው ጥናት በ1745 ታትሟል። ቤካሪ የስንዴን ሊጥ አጥቦ ስታርቹን ከሙጫ መሰሉ ክፍል ለየ፤ ይህ ክፍል ከእንስሳት የሚገኝ ነገር እንደሚመስልም አስተዋለ። እንዲህ ያለ ነገር በዕፅዋት ውስጥ መኖሩ በጊዜው አዲስ ግኝት ነበር። በ1907 ደግሞ አሜሪካዊው ኬሚስት ቶማስ ኦዝቦርን የስንዴን ፕሮቲኖች በሚሟሙበት ፈሳሽ ከፋፍሎ ሰፊ ጥናት አሳተመ፤ የግሊያዲንና የግሉተኒን ክፍፍል እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የ2007 የመኖ ብክለት

እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን አሜሪካ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት ሕመም መሞት ጀመሩ። ምርመራው ከቻይና በስንዴ ግሉተን ስም ወደ ገባ የመኖ ግብዓት አመራ። በውስጡ ሜላሚን የተባለ ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል ኬሚካል ተገኘ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ እሽግ መኖዎች ከገበያ ተሰበሰቡ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኋላ እንዳስታወቀው፣ ግሉተን የተባለው ዕቃ ተራ የስንዴ ዱቄት ነበር።

ማጭበርበሩ የተቻለው በመለኪያው ክፍተት ነው። ከላይ እንደተገለጸው ፕሮቲን የሚሰላው ከናይትሮጅን ሲሆን፣ ሜላሚን ደግሞ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። በርካሽ ዱቄት ላይ ጥቂቱ ሲጨመር በወረቀት ላይ የሚታየው የፕሮቲን ቁጥር ከፍ ይላል፤ ሊጥ የሚለጥጥ ፕሮቲን ግን የለበትም።

ከጤና አንጻር

ሴሊያክ ላለባቸው ሰዎች ግሉተን የሰውነት መከላከያ የራሱን ትንሹን አንጀት እንዲያጠቃ ያደርጋል። በሽታው በብዙ አገሮች ከመቶ ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና የልጆች ዕድገት መቀጨጭ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ከስንዴ ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳየው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካረል ዲከ ሲሆን፣ ጥናቱን በ1950 በመመረቂያ ጽሑፉ አቅርቧል። ሕክምናው ከግሉተን ሙሉ በሙሉ መራቅ ነው፤ «ጥቂት ብቻ» የሚባል ነገር የለም። በኮዴክስ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» የሚባል ምግብ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም።

የስንዴ አለርጂ ከሴሊያክ የተለየ ችግር ነው፤ ሁለቱም ያለባቸው ሰዎች ግን የግሉተን ዱቄት የገባበትን ምግብ መብላት የለባቸውም። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ዳቦ መልኩ የጤፍ ስለሚመስል በቀላሉ ያሳስታል። እንጀራም ቢሆን፣ በተለይ ከኢትዮጵያ ውጭ፣ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይገባበታል። ጤፍ ራሱ ከግሉተን ነፃ ቢሆንም እንጀራው ነፃ መሆኑ የሚታወቀው ጋጋሪውን ጠይቆ ነው። ስንዴና ጤፍ በአንድ ወፍጮ በተከታታይ ከተፈጩም የስንዴው ብናኝ ወደ ጤፉ ይገባል።

ሴሊያክ እንዳለበት የሚጠረጥር ሰው ከምርመራ በፊት ግሉተን ማቆም የለበትም። የደም ምርመራውና ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና የሚፈልጉት ግሉተን የሚያስከትለውን ለውጥ በመሆኑ፣ ቀድሞ ማቆም ውጤቱን ያሳስታል።

እነዚህ ችግሮች ለሌሉበት ሰው የግሉተን ዱቄት ተራ የስንዴ ፕሮቲን ነው። ሆኖም ላይሲን የተባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ስለሚያንሰው ብቻውን የተሟላ የፕሮቲን ምንጭ አይሆንም። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ላይሲን ስላላቸው ዳቦን ከሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር መብላት ጉድለቱን ይሞላል።

አቀማመጥ

የግሉተን ዱቄት ከአየር እርጥበትን ስለሚስብ በሚገጠም ዕቃ፣ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ለረጅም ጊዜ ከሆነ በማቀዝቀዣ ይሻላል። ማንኪያው ደረቅ መሆን አለበት። ጤነኛ የግሉተን ዱቄት አንድ ማንኪያ በሁለት ማንኪያ ውኃ ሲቀላቀል በደቂቃዎች ውስጥ ተያይዞ ይለጠጣል። ተበታትኖ ለጥፍ የመሰለ እንደሆነ ጉልበቱን ስላጣ ለዳቦ አይጠቅምም።